የሳክስፎን ድምፅ፣ ከንፈርና ምላስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሳክስፎን ከሚማሩ ሰዎች የሚመጡት ጥያቄዎች መልካቸው ይለያይ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው። «ድምፄ ቀጭን ነው»፣ «ኖታው ሲጀምር ይጮህብኛል»፣ «ታች ያሉት ኖታዎች አይወጡልኝም» የሚሉት ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከንፈር ከሚገባው በላይ፣ አየር ደግሞ ከሚገባው በታች ሲሠራ ነው። ከሳክስፎን ዓይነቶች መካከል መልሶቹ በአልቶና በቴነር ላይ ያተኩራሉ። ከነሱ ከፍ ያለ ድምፅ ያለው ሶፕራኖና ዝቅ ያለው ባሪቶን የሚለዩበት ቦታ ሲያጋጥም ተጠቁሟል።

አምቡሹር የሚባለው ምንድን ነው? ከንፈሬንስ እንዴት ላድርገው?

አምቡሹር ማለት ማውዝፒሱን (አፍ ውስጥ የሚገባውን የሳክስፎኑን ጫፍ) ስንይዝ ከንፈር፣ ጥርስ፣ መንጋጋና አገጭ የሚይዙት ቅርጽ ነው። ከውጭ ባይታዩም ምላስና ጉሮሮም የዚሁ አካል ናቸው፤ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

የላይኛው ጥርስ በቀጥታ ማውዝፒሱ ላይ ያርፋል፤ ከማረፍ አልፎ መጫን የለበትም። የታችኛው ከንፈር በታችኛው ጥርስ ላይ በትንሹ ይታጠፋል። ከቀዩ የከንፈር ክፍል ግማሽ ያህሉ ወደ ውስጥ ቢገባ ለብዙ ሰው ይበቃል፤ ወፍራም ከንፈር ያለው ከዚህም ያነሰ ቢያስገባ አይጎዳውም። ከንፈሩ ጠቅልሎ ከገባ ሪዱ (ማውዝፒሱ ላይ የሚታሰረው ቀጭን የሸምበቆ ልሳን) ላይ ብዙ ሥጋ ስለሚያርፍ ድምፁ ይታፈናል። የከንፈር ማዕዘኖች ወደ ጎን አይሳቡም፤ ፈገግ ያለ አፍ ሪዱን ይጨፈልቀዋል። ማዕዘኖቹን ወደ መሃል ሰብስቡና «ኡ» ለማለት እንደተዘጋጃችሁ ያዙት። ግፊቱ እንደ ከረጢት አፍ ማሰሪያ ከዙሪያው ሁሉ እኩል ወደ መሃል ይምጣ። ከታች ወደ ላይ ብቻ የሚገፋ መንጋጋ ካለ መንከስ ተጀምሯል ማለት ነው።

ጉንጭ አይነፋ። ጉንጫቸውን እየነፉ ግሩም የተጫወቱ ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ለተማሪ ግን የነፋ ጉንጭ የከንፈሩን ማዕዘኖች ስለሚያላላቸው አየር በጎን ያመልጣል።

ጭንቅላት ቀጥ ይበል። ማውዝፒሱ ወደ አፋችሁ ይምጣ እንጂ እናንተ አንገታችሁን ቀብራችሁ ወደ እሱ አትሂዱ። የማንጠልጠያው ቁመት ካልተስተካከለ የከንፈር ልምምድ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ሳክስፎኑን ስትለቁት ማውዝፒሱ በቀጥታ የታችኛውን ከንፈር መሃል እስኪነካ ድረስ ማንጠልጠያውን አሳጥሩት ወይም አስረዝሙት።

ድምፄ ለምን ቀጭንና ጩኸታም ሆነ?

ከአሥር ተማሪ ዘጠኙ ሪዱን ስለሚነክስ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ድምፅ የሚፈጠረው ሪዱ በማውዝፒሱ ጫፍ ላይ እየተከፈተና እየተዘጋ ሲርገበገብ ነው። መንጋጋ ከታች ሲገፋው በሪዱና በማውዝፒሱ መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል፤ የሚያልፈው አየር ያንሳል፤ ሪዱም የሚርገበገብበት ቦታ ያጣል። የሚወጣው ድምፅ ቀጭን ከመሆኑም በላይ ከፍታው ወደ ላይ ይሸሻል። ቱነር (የኖታን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ) ካላችሁ አረጋግጡ፦ መካከለኛዎቹ ኖታዎች ልክ ሆነው በግራ መዳፍ ቁልፎች የሚነፉት ከፍተኞቹ እየሸሹ ከሆነ፣ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር እየነከሳችሁ ነው።

ቱነር ሳይኖራችሁም የምትፈትኑበት መንገድ አለ። ታችኛውን ጂ በልኩ ንፉ። ከንፈራችሁን ሳትነኩ የኦክታቭ ቁልፉን ጫኑ፤ ድምፁ ወደ ላይኛው ጂ መዝለል አለበት። አሁን ቁልፉን ልቀቁት። ድምፁ ወዲያው ወደ ታች ከተመለሰ ደህና ነው። እላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ፣ ወይም ከሁለቱም ያልሆነ ድምፅ ከወጣ፣ አፋችሁ ጠብቋል።

መንከስን ማቆም ከንፈርን ማላላት ብቻ አይደለም። ጥርስ ሲለቅ ቦታውን አየር ካልያዘው ድምፁ ይወድቃል፤ ተማሪውም ደንግጦ እንደገና ይነክሳል። ስለዚህ መንጋጋው በላላ መጠን ከሆድ የሚመጣው አየር መጨመር አለበት። ሁለቱ አብረው ካልተለማመዱ ለውጥ አይመጣም።

ማውዝፒሱን ብቻ ስነፋ የትኛው ኖታ መውጣት አለበት?

ይህን ልምምድ ከሁሉ አስቀድማለሁ። ማውዝፒሱን ከሪዱና ሪዱን ከሚያስረው ሊጌቸር ጋር ከሳክስፎኑ ነቅላችሁ ብቻውን በሙሉ ድምፅ ንፉት። መምህራን ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙበት የኖሩት መለኪያ፣ በፒያኖ ከፍታ፣ የሚከተለው ነው፦ ለአልቶ ኤ፣ 880 ኸርዝ፤ ለቴነር ጂ፣ 784 ኸርዝ ገደማ፤ ለሶፕራኖ ሲ፣ 1047 ኸርዝ ገደማ፤ ለባሪቶን ዲ፣ 587 ኸርዝ ገደማ። ነጻ የቱነር መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ማየት ትችላላችሁ።

የአልቶ ማውዝፒሳችሁ ቢ ወይም ከዚያ በላይ ካወጣ እየነከሳችሁ ነው። ከጂ በታች ከወረደ ደግሞ ከንፈሩ ከልክ በላይ ላልቷል ወይም አየሩ ደክሟል። ቁጥሮቹ ከክላሲካል አነፋፍ የመጡ ናቸው። ጃዝና ዘመናዊ ሙዚቃ የሚጫወቱ ብዙዎች፣ በተለይ ቴነር የሚነፉት፣ ከዚህ ዝቅ ያለ ኖታ ያወጣሉ፤ ድምፁ ሰፋና ሞቅ እንዲል ይረዳቸዋል። ለጀማሪ ግን መነሻው እዚህ ቢሆን ይሻላል።

ኖታውን ካገኛችሁት በኋላ 8 ምት ያህል ሳይንቀጠቀጥ ያዙት። ቀጥሎ መንጋጋን ሳታንቀሳቅሱ፣ በምላስና በጉሮሮ ቅርጽ ብቻ፣ ድምፁን ግማሽ ድምፅ አውርዳችሁ መልሱት። ሲለመድ ሙሉ ድምፅ፣ ከዚያም ሦስትና አራት ድምፅ ማውረድ ይቻላል። ማውዝፒስ ላይ «አምባሰል» ለመጫወት የሚሞክር ተማሪ ሳይ ደስ ይለኛል፤ በቁልፍ ሳይሆን በጆሮው እየነፋ ነውና።

ማውዝፒሱን ኔኩ (የሳክስፎኑ ጠማማ አንገት) ላይ ብቻ ሰክታችሁም ሞክሩ። በፒያኖ ከፍታ አልቶ ኤ ፍላት፣ ቴነር ኢ አካባቢ መስጠት አለበት።

ማውዝፒሱን ምን ያህል ወደ አፌ ላስገባ?

ቀጭን ወረቀት ወስዳችሁ በሪዱና በማውዝፒሱ መካከል ከጫፍ ወደ ታች ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ። ወረቀቱ የሚቆምበት ቦታ ሪዱና ማውዝፒሱ የሚገናኙበት ነው። የታችኛው ከንፈር ግፊት እዚያው ላይ ወይም በጣም በጥቂቱ ወደ ጫፉ ቢያርፍ ጥሩ ነው። ከዚያ ያነሰ ካስገባችሁ ድምፁ ይጠባል፤ ከዚያ ካለፋችሁ መቆጣጠር የማይቻል ጩኸት ይመጣል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው በማነስ ነው።

ሎንግ ቶን ይሰለቸኛል፤ የግድ ነው?

የግድ ነው። የሚሰለቸው ግን የሚሰማ ነገር ሳይኖር ሲነፋ ነው። «ኖታውን ለረጅም ጊዜ ያዝ» ተብሎ የተነገረው ተማሪ ሰዓቱን ያያል እንጂ አያዳምጥም።

በእያንዳንዱ ኖታ ላይ የምታዳምጡት አንድ ነገር ይኑራችሁ። ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጋችሁ በመካከለኛው ቢ ጀምሩ። በመጀመሪያው ዙር የኖታውን አጀማመር ብቻ አዳምጡ፦ ከድምፁ በፊት የአየር ሹክሹክታ አለ? ጩኸት ቀድሞ ይወጣል? በሁለተኛው ዙር መሃሉን፦ ቱነሩ ይረጋል ወይስ ይወዛወዛል? በሦስተኛው መጨረሻውን፦ አየሩ ሲያልቅ ድምፁ ከፍታውን ሳይቀይር ይጠፋል ወይስ ወደ ታች ይንሸራተታል? ከዚያ በ4 ምት ከለሆሳስ ወደ ጠንካራ፣ በ4 ምት ደግሞ ወደ ለሆሳስ ተመለሱ። ድምፁ ሲጠነክር የማይወርድ፣ ሲሳሳ የማይወጣ ከሆነ አምቡሹራችሁ ቆሟል ማለት ነው።

ክሮማቲኩን (በግማሽ ድምፅ የሚሄደውን ቅደም ተከተል) ተከትሎ መውረድ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ለኛ ሰው የትዝታን ቅኝት እመርጣለሁ። ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፤ አምስት ኖታ ብቻ ነው። እያንዳንዱን 8 ምት ያዙና ወደሚቀጥለው በሌጋቶ፣ ያለ ምላስ ተሻገሩ። ከኢ ወደ ጂ፣ ከኤ ወደ ላይኛው ሲ የሚሻገረው ክፍተት ሰፋ ስለሚል ብዙዎች ሳያውቁት መንጋጋቸውን የሚያንቀሳቅሱት እዚያ ላይ ነው። ጆሯችን ትዝታን ከልጅነት ስለሚያውቀው የተበላሸውን ኖታ ያለ ቱነር እንይዘዋለን።

ኦቨርቶን ልምምድ ለምን ይጠቅማል?

ጉሮሮንና ምላስን ለማሠልጠን የዚህን ያህል የሚረዳ ነገር አላውቅም። የታችኛውን ቢ ፍላት አያያዝ ሙሉ በሙሉ ዝጉና ጣት ሳታንቀሳቅሱ፣ የኦክታቭ ቁልፍም ሳትነኩ፣ ከአንዱ አያያዝ የተለያዩ ኖታዎች አውጡ። ቅደም ተከተሉ ቢ ፍላት፣ የላይኛው ቢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ እያለ ይሄዳል። አልቶ ላይ የመጀመሪያው 139 ኸርዝ ያህል ሲሆን ሁለተኛው እጥፉ 277፣ ሦስተኛው ሦስት እጥፉ 416 አካባቢ ነው። አዶልፍ ሳክስ በ1846 ፓሪስ ላይ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበበት መሣሪያ ቱቦው ከኔኩ ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ በመሆኑ ቅደም ተከተሉ ከኦክታቭ ይጀምራል።

እነዚህን ድምፆች በመንከስ ማውጣት ይቻል ይመስላል፤ የሚወጣው ግን የታነቀ ነው። መንገዱ ምላስ ነው። አፍ ውስጥ «ኦ» ከማለት ወደ «ኢ» ስትሄዱ የምላስ ጀርባ ከፍ ይላል፤ ከንፈር ሳይነካ ድምፁ ወደሚቀጥለው ይዘላል። ሦስተኛውን ኤፍ ስታገኙት በተለመደው የኤፍ አያያዝ ንፉት፤ ከዚያ ተመልሳችሁ በቢ ፍላት አያያዝ። ሁለቱ በከፍታም በድምፅ ጠባይም እስኪመሳሰሉ አፈራርቋቸው። ጀርመን የተወለደው ሲጉርድ ራሸርም አሜሪካዊው መምህር ጆ አላርድም፣ አንዱ በክላሲካል ሌላው ለጃዝ ተጫዋቾች ሲያስተምሩ፣ ለዚህ ልምምድ ትልቅ ቦታ ይሰጡ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለተኛው ኖታ ብቻ ቢወጣላችሁ አትዘኑ፤ ሁሉም ሰው እዚያ ላይ ይቆያል።

ምላሴ ሪዱን የት ይንካው? «ቱ» ልበል ወይስ «ዱ»?

የምላስ ጫፍ፣ ወይም ከጫፉ በጥቂቱ ወደ ኋላ ያለው የላይኛው ክፍል፣ የሪዱን ጫፍ ይነካል። ትናጋን ወይም የጥርስን ጀርባ በመንካት የሚጀምር ተማሪ አጀማመሩ ሁልጊዜ የደበዘዘ ይሆናል። የሚነካው ቦታ ትንሽ፣ ንክኪው ቀላል ይሁን።

ምላስ ድምፅ አይፈጥርም። የምላስ ሥራ ሪዱን ማቆምና መልቀቅ ነው። ከጀርባው አየሩ ተጠራቅሞ እየገፋ ይጠብቃል፤ ምላስ ሲለቅ ድምፁ ይጀምራል። «ምላሴ ይመታል» ብሎ የሚያስብ ተማሪ ይመታል፤ ምቱም ይሰማል። «ምላሴ ይለቃል» ብሎ ሲያስብ አጀማመሩ ወዲያው ይጠራል።

አማርኛ ተናጋሪዎች እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን፤ አንድ አደጋም አለብን። ተ እና ደ በአማርኛ ምላስን ጥርስ ድረስ ወደ ፊት ስለሚያመጡ ምላሱ ለሪዱ ቅርብ ነው። ለስላሳ ሌጋቶ ሲሆን «ዱ»፣ ጠንከር ያለ አጀማመር ሲሆን «ቱ» በሉ። አደጋው ጠ ነው። ጠንከር አድርገው ለመጀመር ሲፈልጉ ብዙዎች ሳያውቁት «ጡ» ይላሉ። ጠ ሲነገር ጉሮሮ ይዘጋል፤ የሚፈነዳውም አፍ ውስጥ የታሰረው ጥቂት አየር ብቻ ነው። ንግግር ላይ ይህ ትክክል ነው፤ ሳክስፎን ላይ ግን ከሳንባ የሚመጣውን አየር በየኖታው ይቆርጠዋል። መሣሪያውን አስቀምጣችሁ እጃችሁን አፋችሁ ፊት አድርጉና «ቱ ቱ ቱ ቱ» በአንድ ትንፋሽ በሉ፤ አየሩ እጃችሁ ላይ ሳይቋረጥ ሲፈስ ይሰማችኋል። አሁን «ጡ ጡ ጡ ጡ» በሉ። ልዩነቱ ያኔ ይገባችኋል። ደረቅ፣ ተንጫጭቶ የሚጀምር ድምፅ ያለው ተማሪ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምፈትነው ይህን ነው።

ስታካቶ (አጭር አጭር ኖታ) ስጫወት ኖታው የታነቀ ይመስላል።

አየሩን በየኖታው እያቆማችሁ እየጀመራችሁ ነው። በስታካቶ ጊዜም አየር እንደ ሎንግ ቶን ሳይቋረጥ ይገፋል፤ የሚያሳጥረው ምላስ ወደ ሪዱ መመለሱ ነው። በመካከለኛው ጂ ላይ 4 ምት ሎንግ ቶን ንፉ። ቀጥሎ በዚያው አየር ላይ አራት ኖታ በ«ዱ» ጨምሩ፤ ከዚያ ስምንት። በመጨረሻ ምላሱን ሪዱ ላይ ትንሽ አቆዩት፤ ዝምታው የሚመጣው ከዚያ ነው። ሆዳችሁ በየኖታው ከዘለለ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። መስታወት ፊት ብትቆሙም አገጫችሁ ከምላሱ ጋር እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ ታያላችሁ፤ መንቀሳቀስ የለበትም።

ፈጣን ምላስ እንዴት ይመጣል?

በቀስታ። ሜትሮኖም 60 ላይ በአንድ ምት አራት ኖታ፣ በአንድ ኖታ ላይ ብቻ፤ ሲጠራ በ2 ወይም በ4 ጨምሩ። ክንድና አንገት የጠነከረ ዕለት ፍጥነቱን ቀንሱ።

ታች ያሉት ሲ፣ ቢ እና ቢ ፍላት አይወጡልኝም።

ከንፈራችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት መሣሪያውን አስፈትሹ። አንድ ፓድ (የቱቦውን ቀዳዳ የሚከድነው ለስላሳ መዝጊያ) በደንብ ካልዘጋ የዓለም ምርጥ አምቡሹር አይረዳም። ጠጋኝ ረጅም መብራት ቱቦው ውስጥ አስገብቶ ብርሃን የሚያመልጥበትን ፓድ ያገኘዋል። አገራችን ውስጥ ብዙ ሳክስፎኖች ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ የኖሩ ስለሆኑ ይህ ምክር በእጅጉ ያስፈልጋል። ራሳቸውን እንደ ሰነፍ ቆጥረው መሣሪያውን ያስቀመጡ ልጆች አይቻለሁ፤ ጥፋቱ ግን የአንዲት ፓድ ነበር።

መሣሪያው ደህና ከሆነ መንጋጋን አውርዱ፣ ጉሮሮን «ኦ» ለማለት እንደሚከፈት ክፈቱ፣ አየሩን ሞቃትና ሰፊ አድርጉት። ከጂ ጀምራችሁ ያለ ምላስ አንድ በአንድ ውረዱ።

ስንት ቁጥር ሪድ ልጠቀም?

ለጀማሪ 2 ወይም 2½ ይበቃል። ቁጥር የችሎታ ደረጃ አይደለም፤ ሰፊ ክፍተት ያለው ማውዝፒስ ላይ 2½ የሚጠቀሙ ታላላቅ ተጫዋቾች አሉ። ሪዱ ከጠነከረባችሁ ለማርገብገብ ስትሉ መንከስ ትጀምራላችሁ፤ ከላላባችሁ ድምፁ ይንጫጫል፣ ከፍተኞቹ ኖታዎችም ይዘጋሉ።

ሪድ ሸምበቆ ነው። ታዋቂዎቹ በደቡብ ፈረንሳይ ቫር ከሚበቅለው ይሠራሉ፤ እኛ አገር ወንዝ ዳር የሚታየው ሸምበቆም ዝርያው ያው ነው። ስለዚህ በእርጥበት ያብጣል፣ በድርቀት ይጣመማል። 2,300 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ከጥቅምት በኋላ ያለው ደረቅ አየር የሪዱን ጫፍ ቶሎ ያሽበሽበዋል። ከመንፋት በፊት በውሃ አርጥቡት፣ ሲያበቃ ጠርጋችሁ ጠፍጣፋ መያዣ ውስጥ አስቀምጡት፤ ማውዝፒሱ ላይ አስራችሁ አትተዉት። ሦስት ወይም አራት ሪድ በየተራ ብትጠቀሙ ዕድሜያቸው ይረዝማል፤ የትናንቱና የዛሬው ልዩነት ከሪዱ ይሁን ከእናንተም ታውቃላችሁ።

ውድ ማውዝፒስ ብገዛ ድምፄ ይስተካከላል?

በመጀመሪያው ዓመት አይስተካከልም። ከመሣሪያው ጋር የመጣው ማውዝፒስ ርካሽ ከሆነ እንደ ያማሃ 4ሲ ያለ መካከለኛ ክፍተት ያለው ይበቃችኋል። የአንዱ ፋብሪካ 5 ቁጥር ከሌላው 5 ጋር አንድ እንዳልሆነም እወቁ።

ክላሪኔት እነፋ ነበር፤ አያያዙ አንድ ነው?

አይደለም። ክላሪኔት ወደ ታች አዘንብሎ፣ ጠበቅ ባለ ከንፈር ይያዛል። ሳክስፎን ወደ አፍ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ከንፈሩም ይላላል። ከክላሪኔት የሚመጣ ሰው ማውዝፒሱን ብቻ ሲነፋ ከልኩ ከፍ ያለ ኖታ ቢያወጣ አይደነቅ፤ ማላላት ነው የሚቀረው።

እንደ ጌታቸው መኩሪያ ያለ ድምፅ እንዲኖረኝ ምን ልለማመድ?

በ2008 ዓ.ም. ያረፉት ጌታቸው መኩሪያ ጀግና የሚያቅራራበትን ሽለላ ከሰው ጉሮሮ ወስደው ቴነር ሳክስፎን ላይ ያስቀመጡ ሰው ናቸው። ድምፃቸውን ስታዳምጡ መጀመሪያ የሚመጣው ስፋቱ ነው፤ ቀጥሎ የሚንቀጠቀጠው ቪብራቶ፤ ከዚያ የሻከረው ጉርምርምታ። ተማሪ ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው ይጀምራል፤ ስፋቱ በሌለበት ግን ጉርምርምታው ጩኸት ብቻ ይሆናል።

ቪብራቶውን በመንጋጋ ነው የምትሠሩት። መካከለኛ ኖታ ይዛችሁ «ያ ያ ያ» እንደምትሉ መንጋጋውን በጥቂቱ አውርዳችሁ መልሱ፤ በሜትሮኖም 60 በምት ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራት ጊዜ። የሚነክስ መንጋጋ መውረድ ስለማይችል ቪብራቶ የሌለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚነክስ ሰው ነው። ጉርምርምታው የሚመጣው እየነፉ በጉሮሮ በማንጎራጎር ነው፤ የምታንጎራጉሩት ኖታ ከምትነፉት ከተለየ ሁለቱ ተጋጭተው ያሻክሩታል። ከሁሉ በላይ ግን ሽለላን በቃላችሁ ተማሩት። ቃሉ የት ላይ እንደሚጠብቅ፣ የት ላይ እንደሚረዝም፣ ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ አፋችሁ ሲያውቀው ምላሳችሁ ሪዱ ላይ ምን ማድረግ እንዳለበት ያገኘዋል። የኛን ዜማ በሳክስፎን ለመናገር ከዚህ የሚያጥር መንገድ አላየሁም።

የታችኛው ከንፈሬ ውስጡ ይቆስላል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ድካም ያለ ነው። የጥርስ ምልክት እየቀረ ከቆሰለ ግን እየነከሳችሁ ነው፤ ያን ዕለት አቁሙ። የታችኛው ጥርሳችሁ ስለታም ከሆነ ወይም የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ካሰራችሁ ቀጭን ወረቀት አጥፋችሁ ጥርሱ ላይ ማድረግ ይረዳል። በቀን አንዴ ሁለት ሰዓት ከመንፋት ጠዋትና ማታ ሃያ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ከንፈር ይጠነክራል።

ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ጎረቤት ሳልረብሽ እንዴት ልለማመድ?

የደወሉን አፍ በጨርቅ መወተፍ ብዙም አይረዳም፤ ድምፁ የሚወጣው በየቀዳዳው ስለሆነ የሚያፍነው የታችኞቹን ኖታዎች ብቻ ነው። ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ከፍታችሁ ፊታችሁን ወደ ልብሱ አዙራችሁ ብትነፉ ድምፁ ይዋጣል። የጣት ልምምድን ሳትነፉ፣ የምላስን ደግሞ በ«ቱ» እና በ«ዱ» ያለ መሣሪያ መሥራት ይቻላል። ማውዝፒስ ብቻውን ግን ከሁሉ የበለጠ ይጮሃልና ለዚያ ቀን ቀን ሰዓት ምረጡ፤ ጎረቤቶቻችሁንም ቀድማችሁ አነጋግሩ። በየስንት ሰዓቱ እንደሚሰሙ ካወቁ አብዛኞቹ ይታገሳሉ።